ይቺ የዘሀራ፣ ይቺ የሲራጅ

ባለፈው የካቲት መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ «የሥራ ጫናንና የግል ጭንቀትን መቆጣጠር» የሚል የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጠን። አሠልጣኙ ፀሐዬ የሚባል፣ ሲናገር መዳፉን የሚያፋትግ ጎልማሳ ነው። በሁለተኛው ቀን ለእያንዳንዳችን ቁርጥራጭ ወረቀት አደለንና «ያናደዳችሁን ሰው ስምና ያናደዳችሁበትን ምክንያት ጻፉ፤ ጨምድዳችሁ ቅርጫቱ ውስጥ ጣሉ፤ ትከሻችሁ ሲቀልላችሁ ይታወቃችኋል» አለ። ሰዉ እየሳቀ ጻፈ፣ እየሳቀ ወረወረ። የፋይናንሷ ኃላፊ ብቻዋን ሰባት ወረቀት ጨረሰች። እኔ አንድም አልጻፍኩም። ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። እናቴ ይህን ብልሃት ከሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ ያለ አሠልጣኝና ያለ ሻይ ዕረፍት፣ በአንድ ሰፌድ ምስር አግኝታው ነበር። ትዳሯ የፈረሰው በዚያው ነው፤ ያፈረስኩትም እኔ ነኝ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ፣ ስድስት አባወራ በአንድ ቧንቧ የሚጣላበት ግቢ ውስጥ ነበር። አሁን ሰፈሩ ፈርሶ ሣር ተተክሎበታል፤ ማታ ማታ መብራቱ ለፎቶ ያምራል ይላሉ። አባቴ ሲራጅ ሰዓት ሠሪ ነው። ሁለት ሰው በማያስቆም ሱቁ ውስጥ አጉሊ መነጽሩን በአንድ ዓይኑ ነክሶ ሲውል፣ የሰው ፊት እንኳ የሚያየው በጎን ነበር። እናቴ ሀጂራ ደግሞ የምስር ሳምቡሳ እየጠበሰች በየጠዋቱ ለአንድ ሻይ ቤት ታስረክባለች። የራስ መኮንን ድልድይ ልጅ ናት፤ በልጅነቷ የሰው ቅጽል ስም ስታወጣ ስም የወጣለት ሰው ራሱ ይስቅ ነበር ይባላል። ይባላል የምለው እኔ ስላላየሁ ነው። እኔ ነፍስ ሳውቅ እናቴ «እሺ» እና «አልሐምዱሊላህ» ከሚሉ ሁለት ቃላት በቀር እምብዛም የማይወጣት ሴት ሆናለች።

ምላሷን ያሰረባት የአባቴ ታላቅ እህት ዘሀራ ናት። አክስቴ ከወሎ የመጣችው ዓይኗን ልትታከም ለአንድ ወር ነበር፤ እኔ በማወራለት ጊዜ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ዓይኗ ከዳነ በኋላ የማያየው ነገር አልነበረም። ወጡ ጨው በዝቶበታል፣ መጋረጃው አቧራ ይዟል፣ ሲራጅ ከስቷል፣ ልጅቷ አድጋ ወንድም አላገኘችም። «ሌላ ያምጣ እንጂ!» ትል ነበር፣ እናቴ ምግብ ስታቀርብ ጠብቃ። «ወንድሜ ዘር ሳይተርፈው ሊቀር ነው እንዴ? ሌላ ያምጣ!» እኔ የሚያመጣልኝ እህት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም «አባዬ፣ ሌላዋ መቼ ነው የምትመጣው?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። እናቴ የያዘችውን ጭልፋ ድስቱ ውስጥ ትታው ወጣች፤ ፊቷን አላየሁትም፣ ጭልፋው ሲሰጥም ግን አይቻለሁ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ጠብ አይወድም፤ ያ ነው ጥፋቱ። እናቴ ስትከፋ «አብሽሪ» ይላታል። አክስቴ ስትከፋም «አብሽሪ» ይላታል። ሁለቱንም አጽናንቶ ይወጣል።

በግቢያችን ሰው ሁሉ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ነበረው። አባቴ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ጫቱን በብብቱ ይዞ ጓደኞቹ ዘንድ ይሄዳል፤ ማታ ሲመለስ ጣራ ጣራ እያየ ይስቃል። አክስቴ ራሷን በሻሽ ጠፍራ ትተኛለች፤ ያን ቀን ሬዲዮ አይከፈትም፣ በር አይንኳኳም፣ እኔም ሳል ቢመጣብኝ ውጭ ወጥቼ ነው የምስለው። ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ ደግሞ ልጇ ዐረብ ሀገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ወዲህ ለቅሶ ትውላለች። ሟቹን ማወቅ አያስፈልጋትም። ከሥላሴ እስከ ምኒልክ አደባባይ ድንኳን ባየችበት ሁሉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትገባለች፤ የራሷን አልቅሳ፣ ንፍሮዋን ቀምሳ፣ ፊቷ በርቶላት ትመለሳለች። «እትዬ ደብሪቱ፣ ማን ሞተ?» ስላት «እንጃ ልጄ፣ ብቻ ደግ ሰው ነበረ አሉ» ትለኛለች። ማንም ዕብድ ናት አላላትም።

እናቴ የነበራት ቀዳዳ ምስሩ ብቻ ነው።

ከዙህር ሶላት በኋላ አክስቴ ስታሸልብ፣ እናቴ ጓዳ ገብታ መጋረጃውን ትዘጋለች። ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ ታደርግና የሳምቡሳውን ምስር ትለቅማለች። ድፍን ምስር ያኔ በጠጠር የተሞላ ነበር፤ አንዷ ካመለጠች የሻይ ቤት ደንበኛ ጥርስ ትሰብራለች። አንድ ቀን ውሃ ልጠጣ ስሄድ ስትናገር ሰማሁ። ሰው አብሯት ያለ መሰለኝና በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። ብቻዋን ናት።

«ይቺ የዘሀራ፤ ወጡ ጨው በዛበት ላለችው» ብላ ጠጠሯን አጠገቧ ያለ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ጣለቻት። ጠጠሯ ቀጭ አለች። «ይቺም የዘሀራ፤ ሰው ፊት ላለችው።» ቀጭ። «ይቺ የሲራጅ፤ ሰምቶ እንዳልሰማ ለሆነው።» ቀጭ። አንዳንዴ ትንሽ ትስቃለች። «ይቺ ግን ተለቅ ያለች ናት፤ የዘሀራ ዓይን ትሁን።» ሰፌዱን ጨርሳ ስትወጣ ትንፋሿ ረጅም ነው፤ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ጸጉሬን ጎንጉና ሠራችልኝ፣ አክስቴ ስትጣራ «አቤት እትዬ!» ያለችው ከልቧ ነበር። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። ጓዳ የገባችውና ከጓዳ የወጣችው አንድ ሰው አልመሰሉኝም።

ያስፈራኝ ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። አክስቴ እግሯን ሳሽላት የሀገሯን ወሬ ትነግረኝ ነበር። «በኛ ሀገር አንዲት ነበረች» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ስም እየጠራች ጠጠር የምትቆጥር። ስሙ የተጠራ ሰው አይታመምም አይሞትም፤ ቀስ እያለ ይደርቃል፣ ሥራው ይደርቃል፣ ቤቱ ይደርቃል። ወሏሂ በዓይኔ አይቻለሁ!» አባቴ በዚያ ሰሞን ሥራ ቀዝቅዞበት ነበር። ሰዉ ርካሽ የቻይና ሰዓት እየገዛ ሲበላሽ መጣል ጀምሮ ነው፤ ይህን ዛሬ ማንም ያውቃል። እኔ ግን ያኔ የማውቀው የጓዳውን ጣሳ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጋረጃው ሥር መቆም ልማዴ ሆነ። አንድ ማክሰኞ ባለሱቁ የላከው ምስር የተለቀመ ሆኖ መጣ። እናቴ ሰፌዱን አራግባ አየችው፤ አንድ ጠጠር የለበትም። ተቆጣች። እንደ ሰው ብትሆን ደስ ሊላት ይገባ ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ጣሳውን አንስታ ጠጠሩን ሁሉ መልሳ ምስሩ ላይ ዘረገፈችና በመዳፏ አመሰችው፤ ከመጀመሪያው መልቀም ጀመረች። ለሰው የሚበላ ምስር ላይ ድንጋይ ስትጨምር በዓይኔ አየሁ። አንዷንም ሳታስቀር መልሳ እንደለቀመቻት አላየሁም፤ ምክንያቱም ከአራት ወይ ከአምስት ጠጠር በኋላ «ይቺ የኢክራ» ስትል ሰማሁ።

ኢክራ እኔ ነኝ።

«ይቺ የኢክራ፤ ጫማ ካልገዛችሁልኝ ብላ መሬት ላይ ተንከባልላ ዘሀራን ላሳቀችብኝ።» ቀጭ።

ሮጬ ወጣሁ። በማግሥቱ ትኩሳት ያዘኝ። ዝናብ ደብድቦኝ ነበር፤ ለኔ ግን መድረቅ መጀመሬ ነው። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ ስታቀያይር አደረች፣ እኔ ደግሞ ጨርቁን ባነሳች ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ። ዛሬ የራሴ ልጅ አለችኝ። ምሽት ላይ በሩን ዘግቼ ስሟን ጥርሴን ነክሼ የምጠራበት ቀን አለ፤ በዚያው ምሽት ብትታመም ነፍሴን የምሰጣትም እኔው ነኝ። እናቴ ከዚህ የተለየ ምንም አላደረገችም።

ትኩሳቱ ሲለቀኝ ለአክስቴ ነገርኳት። ራሷን በሻሽ ጠፍራ ተኝታለች፣ እኔ ግንባሯን አሻለሁ።

«አክስቴ፣ እማዬ ስምሽን እየጠራች ጠጠር ጣሳ ውስጥ ትጨምራለች።»

ዓይኗን አልገለጠችም። «ምን አልሽ?»

«ያንቺን። የአባዬን። የኔንም። ጠጠሩን ምስር ላይ ስትደፋም አይቻለሁ።»

አክስቴ ተነስታ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታችው። ሦስት ቀን የቆየ ራስ ምታት በአንድ አፍታ ለቀቃት። «የኔ አካል» አለችኝ፣ ሁለት ጉንጬን ይዛ፣ «ቤትሽን አዳንሽ።» ተቃቅፈን ቆየን። ደስ አለኝ፤ ይህንን መካድ አልችልም። በሕይወቴ ትልቅ ሰው እንደዚያ አድምጦኝ አያውቅም ነበር።

ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ ሼህ አብዱልሙሀይሚን መጡ። አባቴን ያጋቡት እሳቸው ናቸው፤ ጺማቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ለስላሳ። አባቴ ያን ቀን ጫቱን ትቶ ቀርቷል። ጣሳው ምንጣፉ መሐል ተቀምጧል። እናቴ በሩ አጠገብ፣ እንደ እንግዳ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እትዬ ደብሪቱም ጠብ ስትሸት አትቀርምና ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ልጄ፣ አትፍሪ» አሉኝ ሼሁ። «ስም ስትጠራ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከስሙ ጋር ምን ትላለች? ክፉ ትመኛለች? ወይስ ሌላ ነገር ትናገራለች?»

ሁሉም አየኝ። እናቴም አየችኝ፤ ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ልጄ ትነግራቸዋለች ብላ የጠበቀች ይመስለኛል። ሁሉንም ሰምቼ ነበር። ጨው በዛ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ፣ ሰው ፊት፤ አንድ በአንድ በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን ያንን ከተናገርኩ የራሴንም መናገሬ ነው፤ ለጫማ ብዬ መሬት ላይ መንከባለሌን ሼህ አብዱልሙሀይሚን ሊሰሙ ነው። አፈርኩ።

«እንጃ» አልኩ። «ስም ብቻ ነው የምትጠራው።»

አክስቴ «አላልኩም!» ብላ ጭኗን መታች። እናቴ ከኔ ላይ ዓይኗን አነሳች።

«አንቺስ ሀጂራ?» አሉ ሼሁ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ንዴቴ ነው፣ ሼሃችን» አለች እናቴ። «ታገሺ፣ ሰብር አድርጊ ስባል ሰብሩን የማስቀምጥበት አጣሁ። ለሰው ተናግሬ ቤት ከማፈርስ ለጠጠር ብናገረው ይሻላል ብዬ ነው።»

«ሀቋን ነው!» አለች እትዬ ደብሪቱ ከደጅ። «እኔስ ለቅሶ ቤት የምዞረው ሟች ወድጄ ነው እንዴ?»

«አንቺ በሰው ቤት ምን ጥልቅ አደረገሽ!» አለቻት አክስቴ።

ሼሁ ጣሳውን አንስተው ነቅነቅ አደረጉትና ፈገግ አሉ። አሁን ድረስ የማከብራቸው ለዚያ ፈገግታ ነው። «ይሄ ድግምት፣ ሲሕር አይደለም፤ የከፋት ሴት ናት» አሉ። «ሲራጅ፣ እህትህን በክብር ወደ ልጆቿ ሸኛት። ሚስትህን ደግሞ አድምጣት።» ዱዓ አደረጉና ጫማቸውን አጠለቁ። ነገሩ እዚያ ማለቅ ይችል ነበር።

አባቴ ግን ጣሳውን ምንጣፉ ላይ ገለበጠው። ጎንበስ ብሎ ጠጠሮቹን በሁለት ጣቱ እንደ ሰዓት ብሎን አንድ በአንድ እያነሳ አያቸው። ብዙ ናቸው። ሲሕር ቢሆን ኖሮ ይቅር የሚላት ይመስለኛል፤ ሲሕርን በሰይጣን ማሳበብ ይቻላል።

«ስንቱ የኔ ነው?» አላት።

«አልቆጠርኩም ሲራጅ።»

«ገምቺ።»

«መቁጠር ብጀምርማ» አለች እናቴ፣ «እስከ ዛሬ አብሬህ አልኖርም ነበር።»

ለዓመታት የታሰረ ምላስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተፈታ። እትዬ ደብሪቱ ደጅ ላይ ሳቋ አመለጣት። አባቴን የገደለው እሱ ሳቅ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፈታት። ምክንያቱን ለጠየቀው ሁሉ «አልተስማማንም» ይላል፤ አክስቴ ደግሞ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም የጠጠሩን ወሬ አደረሰች። ሻይ ቤቱ ከዚያች ሴት እጅ ሳምቡሳ አልቀበልም አለ።

እናቴ ልብሷን በአንድ ሻንጣ ይዛ ራስ መኮንን ድልድይ እናቷ ቤት ገባች፤ እኔ አባቴ ጋ ቀረሁ። የተፈታች መሆኗን አልተረዳሁም። ልትታከም የሄደች መስሎኝ ነበር፣ አክስቴ ዓይኗን ልትታከም እንደመጣችው። ጠጠሮቹን ከምንጣፉ ላይ ለቅሜ በደብተር ወረቀት ጠቀለልኩና፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆሜ ወንዙ ውስጥ ጣልኳቸው። ያ ሲያልቅ እማዬ ድና ትመጣለች ብዬ ነው። ድልድዩ ላይ የሚነግዱት ሰዎች እየገፉኝ ያልፋሉ። እናቴ ከቆምኩበት የሁለት ደቂቃ መንገድ ላይ ነበረች፤ አልሄድኩም። ስትድን እሷ ትምጣ ብዬ ጠበቅኩ።

አባቴ ከአራት ዓመት በፊት ሞተ። በመጨረሻው ሰሞን አልጋው አጠገብ ስቀመጥ ሁሉንም ነገርኩት፤ ከየስሙ ጋር የነበረውን ምክንያት በሙሉ። ጨው፣ ሰው ፊት፣ ሰምቶ እንዳልሰማ፣ ሌላ ያምጣ ሲባል ዝም ማለቱ። «ያኔ ስትጠየቂ እንጃ አላልሽም?» አለኝ። «ብያለሁ» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይቅርታ ልጠይቀው ይሁን ልወቅሰው ሳላውቀው እዚያው ቁጭ አልኩ።

እናቴ አለች፤ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። የእናቷ ቤት እስካሁን ስላልፈረሰ እዚያው ትኖራለች። በየቅዳሜው እሄዳለሁ። የደም ግፊት መድኃኒቷን፣ ፍራፍሬ፣ አንዳንዴም ልጄን ይዤላት እሄዳለሁ። ስለዚያ ዓርብ አንድ ቀን አንስቼላት ነበር። «ልጅ ነበርሽ» አለችና ወሬውን ወደ ኑሮ ውድነት አዞረችው። በፊቴ ስለ ማንም ክፉ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ ስለ ዘሀራ እንኳ «አሏህ ይዘንላት» ከማለት አታልፍም። ለሰው «እናቴ ሰብሯ ለጉድ ነው» እያልኩ አወራላት ነበር።

ባለፈው ረቡዕ፣ ቀኔ ባልሆነ ቀን፣ ከቢሮ ቀደም ብዬ ወጥቼ ጎራ አልኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ የጎረቤቷ የእትዬ ዓለምጸሃይ ሳቅ፣ ከሱም በላይ የማላውቀው፣ ወፈር ያለ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሳቅ። የማን እንደሆነ እስክለይ ጊዜ ወሰደብኝ። ሁለቱ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ነው። እናቴ የቧንቧ ሒሳብ የሚሰበስበውን ሰውዬ አነጋገሩን ከነመንተባተቡ አወጣችው፣ የባለሱቁን ሚስት አረማመድ በድምፅ ብቻ ሣለቻት፣ ከዚያ የአክስቴን የሻሽ አጠፋፈር ጀመረች። «ወይ ዘሀራ! ሞታም ራሷን አሟት ይሆናል!» እጄን በአፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ። ያቺ ሲያወሩላት የምሰማት የድልድዩ ልጅ ናት፤ እስከዚያች ቀን አንድም ቀን አግኝቻት አላውቅም።

«አንቺ እኮ ጉድ ነሽ» አለች እትዬ ዓለምጸሃይ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ምን ትሆኛለሽ? ልጅሽ ስትመጣ ድምፅሽ አይሰማም።»

«ቅዳሜማ ምላሴን አውልቄ ቁም ሣጥን ውስጥ እቆልፍበታለሁ።»

«ለምን? የገዛ ልጅሽ!»

ቢላዋው ሲቆም ሰማሁ።

«ደግ ልጅ ናት» አለች እናቴ። «ግን እፈራታለሁ።»

ተመልሼ ልሄድ አሰብኩ። እግሬ እምቢ አለኝ፤ በሩን አንኳኳሁ። ስገባ እትዬ ዓለምጸሃይ ሽንኩርቷን ሰብስባ ብድግ ብላለች፣ እናቴም ሻሿን አስተካክላ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ምነው በደህና? ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ናፍቀሽኝ ነው» አልኳት። ጉንጯን ስስማት ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት አለችኝ። «እንዴት ነሽ እማ? የሚያስጨንቅሽ ነገር የለም?»

«ምን ያስጨንቀኛል ልጄ?» አለች እናቴ። «አልሐምዱሊላህ። ሁሉም ደህና ነው።»